ልጄን ከትምህርት ቤት አውጥቼ ቤት ላስተምረው? (ባሕር ዳር ያላችሁ ወላጆች እባካችሁ)

የጣና ዳር እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ወንድ ልጄ 8 ዓመቱ ነው። ኦቲዝም እንዳለበት ከተነገረን ቆይቷል። ቃላት አሉት፣ ዓረፍተ ነገር ግን አይገጥምም። ቁጥር ይወዳል። የሰፈራችንን ባጃጆች በጎን ቁጥራቸው ለይቶ ያውቃቸዋል፤ የትኛው ዛሬ እንዳልወጣ የሚነግረኝ እሱ ነው።

አንደኛ ክፍል ነው። ክፍሉ ውስጥ ከ60 በላይ ልጅ አለ። ደወል ሲደወል ጆሮውን ይዞ ጠረጴዛ ሥር ይገባል፤ ከዚያ የሚያወጣው ሰው የለም። መምህርቷ ክፉ ሰው አይደለችም፣ ግን ስንቱን ታዳርስ? ደብተሩን ስገልጠው ባዶ ነው። ማታ እኔና እሱ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ስንል ግን እስከ 100 ይቆጥራል፣ በባቄላ ይደምራል፣ ይቀንሳል። ሰሞኑን ርእሰ መምህሩ አስጠርቶ «ለልጁም ለእናንተም ቤት ቢሆን ይሻላል» አለኝ። ያን ዕለት ቢሮ ውስጥ እንባዬን ይዤ ወጣሁ፤ ቤት ስደርስ ግን «ምናልባት እውነቱን ይሆን?» ብዬ ማሰብ ጀመርኩ።

ባለቤቴ ትምህርት ቤት ያልዋለ ልጅ ሰው አይሆንም ባይ ነው። እናቴ ደግሞ «አታንገላቱት፣ እኔ እይዘዋለሁ» ትላለች። እኔ ሥራ አለኝ፤ ግማሽ ቀን እንዲሆንልኝ መጠየቅ እችላለሁ። እንዲህ ላለ ልጅ ቤት ማስተማር ይሆናል? የሞከራችሁት አላችሁ? የፈተናውስ ነገር በኋላ እንዴት ይሆናል?

የፋሲሎ አባት

እህቴ፣ እኛ አድርገነዋል። ሴት ልጄ ሴሬብራል ፓልሲ አለባት። አእምሮዋ ንቁ ነው፣ እጅና እግሯ ግን አይታዘዙላትም። ትምህርት ቤት ስትገባ የተሰጣት ወንበር ጀርባዋን አይደግፍም ነበር፤ ወደ አንድ ጎን ተጋድማ ነበር የምትውለው። ሽንት ቤቱም ደረጃ አለው። ውሃ ላለመጠጣት ራሷን አስለመደች፣ እንዳትቸገር ብላ። ይህን ስሰማ ማውጣቱን ወሰንኩ።

ቤት ውስጥ መጀመሪያ ያደረግነው መቀመጫዋን ማስተካከል ነው። የሆስፒታል ፊዚዮቴራፒስት ልኩን ሰጠን፣ የሰፈር አናጢ ሠራው፤ የጥግ ቅርጽ ያለው ወንበር ነው፣ ጀርባና ትከሻዋን ከሁለት ጎን ይደግፋል፣ ፊት ለፊቱ ጠረጴዛ አለው። ሰውነቷ ሲረጋ እጇም ረጋ። እስክሪብቶ ላይ ጨርቅ ጠቅልለን አወፈርነው። አሁን ፊደል ትጽፋለች፣ በስልክ ደግሞ ከእኔ ይልቅ ፈጣን ነች።

ግን ዋጋውን ልንገርሽ። ባለቤቴ ሥራዋን ትታለች። የቤታችን ገቢ ግማሽ ሆኗል ማለት ነው። ሁለተኛው ነገር፣ ከሰዓት በኋላ በራችን ክፍት ነው፤ የጎረቤት ልጆች የቤት ሥራቸውን እኛ ቤት ነው የሚሠሩት። ይህን ባናደርግ ልጄ ከእናቷና ከእኔ በስተቀር ማንንም ሳታውቅ ታድግ ነበር። ቤት ማስተማር ይሆናል ወይ ላልሽው፣ ለእኛ ሆኗል። ግን የቤቱ ሰው ሁሉ ገብቶበት ነው። ባለቤትሽ ከዳር ቆሞ «ሰው አይሆንም» የሚል ከሆነ ብቻሽን አትጀምሪው።

ጋሼ ከሽምብጥ

ልጄ፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። በገጠርም በከተማም አስተምሬአለሁ። ምክሬ አጭር ነው፤ አታውጪው።

ለምን እንደምል ላስረዳሽ። በየዓመቱ ለምዝገባ ቤት ለቤት ስንዞር «ስንት ልጅ አላችሁ?» ስንል አራት ይሉናል፤ ጓዳ ውስጥ አምስተኛው ድምፅ ያሰማል። ቤተሰቡ ጨካኝ ሆኖ አይደለም። የሰው ዓይን ፈርቶ፣ ልጁ እንዳይመታ ሰግቶ፣ «እንዲያው ቤቱ ይሻለዋል» ብሎ ነው። ያ ልጅ ዐሥር ዓመት ሲሞላው ያው ጓዳ ነው፤ ሃያም ሲሞላው። ማንም ክፉ ነገር አላደረገበትም፣ ግን ማንም አያውቀውም። ቤት ማስተማር ሲባል ስሰማ እነዚያ ጓዳዎች ናቸው የሚታዩኝ።

ሌላው፣ ርእሰ መምህሩ ያሉሽን ነገር ሊሉሽ አይገባም ነበር። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 24 ማንም ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከአጠቃላይ ትምህርት ሊገለል እንደማይችል ይናገራል፤ የሚያስፈልገውም ማመቻቸት እንዲደረግለት ያዛል። የኛ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ልዩ ፍላጎት ያላቸው ልጆች እንዲማሩ ይላል። አንቺ የምትለምኚው ውለታ አይደለም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። የአንቺ ልጅ ሁኔታ በሽታ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ መደበቁ ግን ያው ነው።

የጣና ዳር እናት

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ሕጉ ያሉኝን ጽፌ ይዤዋለሁ። እኔ ግን ልጄን ደብቄው አላውቅም። ቅዳሜ ጣና ዳር ይዤው እወጣለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን አብሮኝ ይሄዳል፣ ሰው ሲያየኝም አላፍርም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ትምህርት ቤት በአካል አለ፣ ግን እየተማረ አይደለም። ጠረጴዛ ሥር ተቀምጦ መዋል ከጓዳው በምን ይሻላል?

ልዩ ፍላጎት መምህርት

እህቴ፣ ይህ ጥያቄሽ ትክክለኛው ጥያቄ ነው። ፔዳ፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ነው የተማርኩት፣ አሁን በመንግሥት ትምህርት ቤት ልዩ ክፍል አስተምራለሁ። ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ፣ የጆሮና የዓይን ምርመራ ተደርጎለታል? ኦቲዝም ያለበት ልጅ መስማትም ሊቸገር ይችላል፤ አንዱ ሌላውን ይሸፍነዋል። ጆሮው በተደጋጋሚ ይመግል የነበረ ልጅ «አይሰማም፣ ግትር ነው» ሲባል ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ከምንም በፊት ይህን አጣሪ።

ሁለተኛ፣ ደወሉ። ጆሮውን ይዞ ጠረጴዛ ሥር የሚገባው ስለሚያመው ነው። ለኛ ተራ የሆነ ድምፅ ለአንዳንድ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች እንደ ሕመም ይሰማቸዋል። ስለዚህ ከደወሉ አስቀድሞ 5 ደቂቃ ከክፍል ቢወጣ፣ ወይም ጠዋት ሰልፉ ካለቀ በኋላ ቢገባ፣ ወይም የጆሮ መሸፈኛ ቢያደርግ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ይህን ትምህርት ቤቱን ጠይቀሽዋል? ልጁን ከማውጣት በፊት የሚጠየቁ እንዲህ ያሉ ትንንሽ ነገሮች አሉ፤ ብዙ ጊዜ ማንም ስለማይጠይቃቸው ማንም አያደርጋቸውም።

ሦስተኛ፣ ቤት የምታስተምሪው ከሆነ እንደ ትምህርት ቤት አታድርጊው። ሰሌዳ ሰቅለሽ ከጠዋት እስከ ቀትር አታስቀምጪው። 10 ወይም 15 ደቂቃ ሥራ፣ ከዚያ መንቀሳቀስ፣ ከዚያ ሌላ 10 ደቂቃ። የቀኑን ውሎ በሥዕል ሠርተሽ ግድግዳ ላይ በተርታ ለጥፊለት፦ መታጠብ፣ ቁርስ፣ ቁጥር፣ ጨዋታ፣ ፊደል፣ ምሳ። ያለቀውን ራሱ ያንሳው። ቀጥሎ የሚመጣውን የሚያውቅ ልጅ ጭንቀቱ ይቀንሳል። የሚለወጥ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ እንግዳ የሚመጣ ከሆነ፣ ቀድመሽ ሥዕሉን ቀይሪለት።

ስለ ፊደል አንድ ነገር ልበል፤ ይህ የምወደው ርእስ ስለሆነ ታገሡኝ። የፊደል ገበታውን አንድ ላይ አታቅርቢለት። 33 ረድፍ በ7 ዓምድ 231 ቅርጽ ነው። በዜማ «ሀ ሁ ሂ» እያለ በቃሉ የያዘ ልጅ መሀል ላይ አንዱን ብትጠቁሚው የማያውቀው ለዚህ ነው፤ ዜማውን ነው የያዘው። በመልክ የማይመሳሰሉ ጥቂት ፊደሎች ምረጪ። ተ እና ቸን፣ ነ እና ኘን፣ ደ እና ጀን፣ ጠ እና ጨን በአንድ ሳምንት አታምጪበት። ድምፃቸው አንድ የሆነውን ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን ለጊዜው አንዳንዱን ብቻ ይወቅ፤ ሌላው ይደርሳል። ከሚወደው ቃል ጀምሪ። ልጅሽ ባጃጅ ይወዳል አላልሽም? ባጃጅ ሦስት ፊደል ነው፤ ሁለቱ የጀ ዘር ናቸው፣ ጃ እና ጅ። ቅርጹ እንዴት እንደተለወጠ በጣቱ እየነካ ይየው። ከዚያ ባ፣ ከዚያ ባባ፣ ከዚያ አባ። ቀስ ብሎ ይከፈትለታል።

አራተኛ፣ ክረምቱ እየመጣ ነው። ሰኔ መጨረሻ ትምህርት ይዘጋል፣ እስከ መስከረም ሁለት ወር አለሽ። ያን ጊዜ ሞክሪው። ከትምህርት ቤት ሳታስወጪው የቤቱ ምን እንደሚመስል ታዪዋለሽ፤ አንቺም ጉልበትሽን ታውቂዋለሽ።

አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የመሠረተችው ነፍሷን ይማርና ዘሚ የኑስ ማዕከሉን የከፈተችው ልጇን የሚቀበል ትምህርት ቤት አጥታ ነው። የራሷን ልጅ ብቻ ቤት ይዛ መቀመጥ ትችል ነበር፤ የሌሎችን ልጆችም ሰበሰበች። እኛ ከተማ ላይም ሁለት ሦስት እናቶች ብትገናኙ አንድ ክፍል ይሆናል።

ምልክት ቋንቋ ተናጋሪ

መስማት የተሳነኝ ነኝ። ሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው የምጽፈው።

መስማት ለተሳነው ልጅ ቤት ማለት ዝምታ ነው። እናቴና አባቴ ይወዱኛል፣ ግን ምልክት ቋንቋ አያውቁም። ትምህርት ቤት እስክገባ ድረስ ውሃ፣ እንጀራ፣ ና፣ ሂድ ከሚሉ የእጅ ጥቆማዎች ሌላ ቋንቋ አልነበረኝም። ትናንት ምን እንደሆነ ለማንም መናገር አልችልም ነበር። ቋንቋ ያገኘሁት ከመምህር ሳይሆን ልዩ ክፍል ውስጥ ከነበሩ ትልልቅ ልጆች ነው፣ በእረፍት ሰዓት ጓሮ ላይ። የመጀመሪያ ቀን እጃቸው ሲበር አይቼ ምን እንደሚሉ ሳላውቅ አለቀስኩ።

እና ልጃቸው የማይሰማ ወላጆች ይህን ውይይት አንብባችሁ «ቤት ይሻላል» እንዳትሉ። ቤት ማስተማር ከፈለጋችሁ መጀመሪያ እናንተ ምልክት ቋንቋ ተማሩ፤ ቤተሰቡ ሁሉ፣ አያትም ጭምር። ያኔም ቢሆን ልጁ እንደሱ ያሉ ልጆችን ማግኘት አለበት። ቋንቋ በልጅነት ካልተያዘ በኋላ ሙሉ አድርጎ መያዝ በጣም ከባድ ነው።

ጋሼ ከሽምብጥ

ይህን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እግዚአብሔር ያክብርህ ልጄ።

ከዘጌ

እናንተ ከተማ ላይ ሆናችሁ ትመርጣላችሁ፤ እኛ ምርጫም የለንም። ልጄ የሚጥል በሽታ አለባት። ክፍል ውስጥ ጥሏት ልጆቹ ደንግጠው ሲሮጡ መምህሩ «ይለፍላት እንጂ እንዳትመጣ» ብሎ ላካት። እኔም ፈርቼ አስቀረኋት። ታናሽ እህቷ የተማረችውን ማታ ታነብላታለች፤ እሷም ትይዘዋለች፣ ከእህቷ አታንስም። ጠበል ወስደናታል፣ ኪኒንም ከባሕር ዳር ይመጣልናል፤ ጀልባ ወይም መኪና ሲጠፋ ግን ይቋረጣል። ስትወድቅ ክብሪት ጭረን እናሸታታለን። ምን ላድርግ?

የጤና ባለሙያ

እናቴ፣ ለእርስዎ ፈጥኜ ልመልስ፣ የሌላው ይቆይ።

ክብሪቱን ይተዉት። ጭሱ የሚያደርግላት ነገር የለም፣ ሊያቃጥላትም ይችላል። ስትወድቅ በጎኗ ያስተኟት፣ ከራሷ ሥር ለስላሳ ነገር ያድርጉ፣ አንገቷ ላይ የጠበቀ ልብስ ካለ ያላሉ፣ በአካባቢዋ ያለውን እሳትና ድንጋይ ያርቁ። አፏ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አይክተቱ። እጅና እግሯን አስጨንቀው አይያዙ። ሰዓት ይመልከቱ፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳትነቃ በላይ በላዩ ከመጣባት ጤና ተቋም ያድርሷት። ወጥ ቤት እሳት አጠገብና ሐይቅ ዳር ብቻዋን አትሁን።

ኪኒኑ መቋረጡ ከሁሉ የከፋው ነገር ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቆም ከበፊቱ የባሰ ተከታታይ መጣል ሊያመጣ ይችላል። ለሐኪሟ የመንገዱን ችግር ነግረው የአንድ ወር ሳይሆን የሚቻለውን ያህል እንዲታዘዝልዎ ይጠይቁ፤ ሳያልቅም ቀድመው ያስመጡ። ጠበሉን ማንም አይከለክልዎትም፤ ሁለቱ አይጣሉም፣ ኪኒኑን ግን ለጠበል ብለው አያቁሙ።

ትምህርቱን በተመለከተ፣ መድኃኒቷን በአግባቡ ከያዘች አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ልጆች ከሌላው ጋር መማር ይችላሉ። በሽታው አይተላለፍም፣ በለሃጭም በመንካትም። መምህሩ ይህን አያውቅም ይሆናል። ከጤና ጣቢያ አንድ ሰው ሄዶ ለክፍሉ ልጆች 20 ደቂቃ ቢያስረዳ ነገሩ ይለወጣል። ልጅዎ ቤት የቀረችው የሰው ፍርሃት አስቀርቷት ነው፤ ይህ ደግሞ ይነቀላል።

አወያይ

የመድኃኒት ስምና መጠን እዚህ አትጻፉ፣ በሐኪም ይሁን። የልጆች ፎቶና የትምህርት ቤት ስም እንዳይለጠፍም አደራ። ቀጥሉ።

ከሚኒሶታ

ሰላም ወገኖቼ። ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁን አሜሪካ ነው ያለሁት። እዚህ ቤት ማስተማር በ50ዎቹም ግዛቶች ሕጋዊ ነው፤ ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ልጆች ቤት የሚያስተምሩ ወላጆች ብዙ ናቸው። ጀርመን ያሉ ዘመዶቼ ግን በፍጹም አይፈቀድላቸውም፣ ልጅ ትምህርት ቤት መሄድ ግዴታ ነው። እና አንድ ዓለም አቀፍ መልስ የለውም ለማለት ነው። እህቴ ከፈለግሽ እዚህ የምንጠቀምበትን ሙሉ መጽሐፍና ቪዲዮ እልክልሻለሁ፣ ነፃ ነው፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ።

ልዩ ፍላጎት መምህርት

ልብሽ መልካም ነው፤ ሥዕሎቹንና ጨዋታዎቹን ላኪ፣ ይጠቅማሉ። በእንግሊዝኛ የሆነውን ግን እንዳትጀምሪለት፣ የጣና ዳር እናት። ቃል ገና በመሰብሰብ ላይ ያለ ልጅ ነው። የሚማረው ቃል አያቱ የምትመልስለት፣ የሱቅ ሰው የሚረዳው፣ የጎረቤት ልጅ የሚጫወትበት መሆን አለበት። ከቪዲዮ እንግሊዝኛ ይዘው ከቤተሰባቸው ጋር መግባባት ያቃታቸው ልጆች ክፍሌ ውስጥ አሉ፤ ቀለም በእንግሊዝኛ ይጠራሉ፣ ውሃ ሲጠማቸው ግን ያለቅሳሉ።

እዚያ አገር ያለው ልዩነት ደግሞ ሕጉ ብቻ አይደለም። እዚያ ቤት የሚያስተምር ወላጅ የንግግር ሕክምና ባለሙያ፣ ቤተ መጻሕፍትና የወላጆች ማኅበር አጠገቡ አለ። እኛ ቤት ስንል ብዙ ጊዜ እናት ብቻ ማለት ነው።

የታላቅ ወንድሜ እህት

እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፤ «እናት ብቻ» የሚለው ቃል ነው እንድጽፍ ያደረገኝ።

ታላቅ ወንድሜ ኦቲዝም አለበት፣ አሁን ጎልማሳ ነው። እኛ ልጅ በነበርንበት ጊዜ ባሕር ዳር ላይ የኦቲዝምን ስም የሚያውቅም አልነበረም። ሁለት ትምህርት ቤት ሞክሮ ተመለሰ። ከዚያ እናቴ ቤት አስተማረችው። አቅልላችሁ እንዳታዩት፤ እናቴ ራሷ ስምንተኛ ክፍል ያልጨረሰች ሴት ናት። ቡና ስታፈላ ስኒ ታስቆጥረዋለች፣ ሽሮ ስትለካ ታስለካዋለች፣ ልብስ ስታጥብ በቀለም ታስለየዋለች። ማንበብ ሲጀምር ዳዊት አስያዘችው። ዛሬ ጠዋት ጠዋት ዳዊቱን ሳያዛንፍ ይደግማል። የሰፈሩ ቄስ ይገረማሉ። ቤት ማስተማር አይሆንም ለሚል ሰው እኔ ወንድሜን አሳየዋለሁ።

አሁን ሌላውን ልናገር። እናቴ ታመመች። ሆስፒታል ተኛች፣ እኛም ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድሜን ያለ እሷ ያዝነው። ምንም አናውቅም ነበር። እንጀራው በየትኛው ሰሃን ላይ ካልሆነ እንደማይበላ፣ ማታ የትኛው መብራት መብራት እንዳለበት፣ «እም» ሲል አሞት እንደሆነ ወይም መውጣት ፈልጎ እንደሆነ። ይህን ሁሉ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች፣ በጭንቅላቷ። እሱ ደግሞ ከቤታችን ውጭ አንድም ሰው አያውቅም። ጓደኛ የለውም፤ ጎረቤት ሲገባ ወደ ውስጥ ይገባል። ራሱን መታ። እናቴ ሳትድን በግድ ወጥታ መጣች።

እናቴን አልወቅሳትም፣ ማንም ሊወቅሳት አይችልም። የምለው ለአንቺ ነው እህቴ፦ የምታስተምሪው ቤትም ይሁን ትምህርት ቤት፣ አንቺ ብቻ የምታውቂው ልጅ አታድርጊው። አንድ ደብተር ያዢ። የሚወደውን፣ የሚያስደነግጠውን፣ የሚያረጋጋውን፣ እያንዳንዱ ድምፁ ምን ማለት እንደሆነ ጻፊ። አባቱ ያንብበው። እናትሽም አንቺ ሳትኖሪ አንዳንድ ቀን ትያዘው። በሳምንት አንድ ቀን ከቤት ውጭ ያለ ሰው ያስተምረው። እኛ ይህን አሁን ነው የጀመርነው፣ በጎልማሳ ዕድሜው፣ እጅግ ይከብዳል። ለ8 ዓመት ልጅ ግን ቀላል ነው።

የፖሊ ተማሪ

እኔ አስጠኚ ነኝ፤ ቤት ለቤት እየሄድኩ ልጆች አስጠናለሁ። ኦቲዝም ያለበት አንድ ልጅ አለኝ። መጀመሪያ ስሄድ ሥልጠና የለኝም ብዬ ነበር፤ እናቱ ከጎኔ ተቀምጣ ሦስት ሳምንት አሳየችኝ። ተማሪ ስለሆንን ክፍያችን ከባለሙያ ያነሰ ነው፤ የልዩ ፍላጎት ትምህርት የሚያጠኑ የፔዳ ተማሪዎችን ብትጠይቂ ደግሞ ለልምምድም ይፈልጉታል። ከቤት ውጭ ያለ ሰው የሚለውን በዚህ ማግኘት ትችያለሽ።

ጋሼ ከሽምብጥ

መጀመሪያ የጻፍኩትን አልለውጥም፣ ግን ልጨምርበት። የዱሮው የቄስ ትምህርት ቤት ትዝ አለኝ። የኔታ ፊት 20 ልጅ ተቀምጦ ሁሉም የተለያየ ቦታ ላይ ነው፤ አንዱ ፊደል፣ አንዱ አቡጊዳ፣ አንዱ መልእክተ ዮሐንስ፣ አንዱ ዳዊት። በዕድሜ አይከፋፈሉም። የያዘ ያልያዘውን ያስቀጽላል። ያልገባው ነገ ይደግማል፤ «ወደቀ» አይባልም። ዓይነ ስውራን የቅኔና የዜማ ሊቃውንት ከዚያ ሥርዓት ወጥተዋል፣ ለጆሮና ለቃል ትልቅ ቦታ ስለሚሰጥ። ዱላው ይቅር፣ እሱን አልመኝም። ግን እያንዳንዱን ልጅ ካለበት ቦታ መጀመርና ከሌሎች ልጆች መሀል አለማውጣት፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ይዞት ነበር። የአንደኛ ክፍል መምህርቷን እንዲህ እንድታደርግ ከ60 ልጅ ጋር መጠየቅ ግፍ ነው። መንግሥት ነው የክፍሉን ቁጥር ማውረድ ያለበት፤ እስከዚያው ወላጅ የሚያደርገውን ቢያደርግ አልፈርድም።

የፋሲሎ አባት

ስለ ፈተናው የመለሰላት የለም። እኛ የገባንን ልበል። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ምዝገባ በትምህርት ቤት በኩል ነው የሚሄደው፤ 12ኛው ደግሞ አገር አቀፍ ነው። ስለዚህ እኛ ልጃችንን ከመዝገብ አላስወጣናትም። ስሟ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት አለ፤ የክፍል ፈተና እየሄደች ትፈተናለች፤ ሰርተፍኬቷም በየዓመቱ ይወጣል። ርእሰ መምህርቷ ቀና ሰው ስለሆኑ ነው የተሳካልን፣ በጽሑፍ ተስማምተናል። ሙሉ በሙሉ መልቀቂያ ከወሰድሽ በኋላ መመለሱ ይከብዳል። መልቀቂያ ስጡኝ እንዳትዪ።

የጣና ዳር እናት

ሁላችሁንም አነበብኩ፣ ለባለቤቴም አነበብኩለት። የእህቲቱን ጽሑፍ ሲሰማ ዝም አለ፣ ከዚያ «ደብተሩን እኔ ልጀምረው» አለ።

የወሰንነውን ልንገራችሁ። አላስወጣውም። እስከ ሰኔ ድረስ ጠዋት ሰልፉ ካለፈ በኋላ ገብቶ እስከ እረፍት እንዲቆይ እንጠይቃለን፤ የጆሮ መሸፈኛም እንገዛለን። ከዚያ ቤት ይመጣል፣ እናቴ ትቀበለዋለች፣ እኔ ከሰዓት ግማሽ ቀን ሥራዬን ጠይቄ አስተምረዋለሁ። የጆሮ ምርመራ ቀጠሮ ይዘናል። ክረምቱን ሙሉ ቤት እንሞክራለን፣ አስጠኚም እንፈልጋለን። መስከረም ላይ አይተን እንወስናለን፤ ምናልባት ሌላ ትምህርት ቤት ይሆናል፣ ልዩ ክፍል ያለበት። ከዘጌ ያሉት እናት፣ ለኪኒን ባሕር ዳር ሲመጡ ማረፊያ ካጡ ቤታችን አለ፤ በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ርእሰ መምህሩ በቃል «አይሆንም» ቢለኝስ?

ልዩ ፍላጎት መምህርት

በቃል አትጠይቂው። ማመልከቻ ጻፊ፣ በሁለት ቅጂ። የሚገባበትንና የሚወጣበትን ሰዓት፣ ደወሉን፣ የጆሮ መሸፈኛውን አንድ በአንድ ዘርዝሪ። «ይፈቀድልኝ» ብቻ አትበዪ፤ ለልጁ የግል የትምህርት እቅድ እንዲዘጋጅለትና አንቺም እንድትገኚ ጠይቂ። የሐኪሙን ወረቀት አያይዢ። ጋሼ የጠቀሱትን አዋጅ ቁጥሩን ጨምረሽ አንድ መስመር ጻፊ፣ በቁጣ ሳይሆን። መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጊና ቁጥርና ማኅተም ያለበትን ቅጂ ያዢ። መልሱንም በጽሑፍ ስጡኝ በዪ። በቃል አይሆንም የሚል ሰው በጽሑፍ አይሆንም ለማለት ሁለት ጊዜ ያስባል። ካለም፣ ያንን ወረቀት ይዘሽ የምትሄጂበት የከተማው ትምህርት መምሪያ አለ፤ የልዩ ፍላጎት ጉዳይን ማን እንደያዘ ጠይቂ። ረቂቁን ከጻፍሽ በኋላ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።